አፍልቼ ነበር የማጠጣት

ቅዳሜ ጠዋት ከመታጠቢያ ቤቱ የወጣው ጩኸት የሚጡ ነበር። እታለም የሻይ ማንቆርቆሪያውን ምድጃው ላይ ጥላ ሮጠች። በሩ ገርበብ ብሏል። አያትየው፣ የቤቱ ሰው ሁሉ እማማ የሚላቸው፣ ሕፃኗን በሁለት ጉልበታቸው መሃል አጣብቀው፣ በግራ እጃቸው አገጯን ጨብጠው፣ በቀኛቸው ግማሽ ሎሚ ጨው ውስጥ እየነከሩ አዲስ የበቀሉትን የፊት ጥርሶቿን ይፈትጋሉ። የእጅ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ምራቅ የተቀላቀለበት ደም ተንጠባጥቧል። ሚጡ ስትንፈራገጥ አንዱ ነጠላ ጫማዋ ወልቆ በሩ ሥር ደርሷል። «ዝም በይ! ይኼ ነገር ሳይለቅ ከዚህ አትወጪም» ይላሉ እማማ፤ የተቆጡም አይመስሉ፣ ያረረ ድስት የሚያጥቡ ነው የሚመስሉት። እታለም «ኧረ እማማ ይበቃታል፣ ደማች እኮ» ብላ እጇን ስትዘረጋ ቀና ብለው ከእግር እስከ ራሷ አዩአት። «አንቺማ ዝም በይ። አንቺ እጅ ላይ ከርማ አይደል ይኼን ዝገት ይዛ የመጣችው?» አሏት። እታለም የዘረጋችውን እጅ መልሳ አፏ ላይ አደረገችው።

ስሟ እታለም አይደለም። ሚጡ አፍ ስትፈታ መጀመሪያ የጠራችው እሷን ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሁሉ፣ ባልየው ሳይቀር፣ በዚያው ይጠራታል። የሚጡ እናት ታናሽ እህት ናት። እህትማማቾቹ የተወለዱት ከከተማው ርቆ በሚገኝ ሰፊ የጥጥ እርሻ፣ የሠራተኞች ሰፈር ውስጥ ነው፤ ቆርቆሮ ቤት ከቆርቆሮ ቤት የተደገፈበት፣ ጥላ የሌለው ሜዳ፣ መሃሉ ላይ ሞተር ቀኑን ሙሉ እያጓራ ከመሬት ሆድ ውሃ የሚስብበት። እዚያ የሁሉም ሰው ጥርስ አንድ ነው። ከኋላ በጠመኔ የተለቀለቀ የመሰለ ነጭ ዥንጉርጉር ይጀምርና፣ ወደፊት በመጣ ቁጥር ቢጫ እየሆነ፣ የፊቶቹ ላይ ሲደርስ ሻይ እንዳደረበት ብርጭቆ ይጠቁራል፤ ጫፉም እየተቦረቦረ ይሸረፋል። ዕድሜያቸው የገፋው ደግሞ ወገባቸው ይደርቃል፤ የእህትማማቾቹ እናት ወደኋላ ማየት ሲፈልጉ አንገታቸው እሺ ስለማይል ሙሉ ሰውነታቸውን ነው የሚያዞሩት። ያም ሆኖ እዚያ አፉን የሚሸፍን የለም፤ ሰዉ ሲስቅ ትናጋው እስኪታይ ነው የሚስቀው። እታለም አፏን በመዳፏ መከለል የተማረችው ሚጡን ይዛ እህቷ ቤት ከገባች በኋላ ነው። ለመማርም ሳምንት አልፈጀባትም።

ታላቅ እህቷ ግን ጥርሷ ወተት ነው። እማማ ልጃቸው ሊያገባት ሲል መጀመሪያ «ከዚያ እርሻ ሰፈር?» ብለው ፊታቸውን አጨማደው ነበር። ልጅቷ ቤታቸው መጥታ ስትስቅ ካዩ በኋላ ግን ለጎረቤት አውርተው አልጠገቡም። «ንጹሕ ሰው የትም ቢያድግ ንጹሕ ነው። ይኸው የኔ ምራት!» ይላሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በእማማ ቤት ሕግ የጠቆረ ጥርስ ያለው ሰው ማለት ያልታጠበ ሰው ማለት ሆነ። ከዚያ ቀደም፣ ታላቅየዋ ባልየውን ሳታውቀው በፊት ጥርስ ሐኪም ቤት ስትመላለስ፣ የፊት ጥርሶቿ እየተሞረዱ አንሰው በነጭ ሸክላ ሲሸፈኑ፣ በር ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ የተቀመጠችው እታለም ነበረች። ሞረዱ ሲያፏጭ የራሷን መንጋጋ ይነዝራት እንደነበር አትረሳውም። ሲጨርሱ ታላቅየዋ በመስኮት ብርሃን መስተዋት እያየች አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ከዚያም ታናሽ እህቷን በእናታቸው አስማለቻት፤ ለማንም፣ ወደፊት ለማገባውም ቢሆን፣ ብላ። ባልየው እስከዛሬ አያውቅም።

አሁንም ታላቅየዋ ኮሪደሩ ላይ ቆማ የጆሮ ጌጧን ታደርጋለች። የሚጡን ጩኸት ሰምታለች፣ እማማ ለእህቷ ያሉትንም ሰምታለች። «ቶሎ አልብሷት፣ ቀጠሮው ያልፋል» ብላ የመኪናውን ቁልፍ ፍለጋ ገባች። ቀጠሮው የተያዘው በባልየው ትእዛዝ ነው። ሐሙስ ዕለት ሚጡ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ምሳ ዕቃዋ እንዳልተከፈተ ነበር። ሲመረምሯት የክፍሏ ልጆች ‹ካካ የበላች› እያሉ አብረዋት አንበላም እንዳሏት፣ መምህሯም ለወላጆች ቀን ግጥም ከሚያነቡት መሃል አውጥታ ከኋላ እንድትቆም እንዳደረገቻት ተናገረች። አባትየው ከስልኩ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ «ሐኪም ጋ ውሰዷት እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?» አለ። እታለም ያን ዕለት ሚጡን ስታስተኛ፣ ልጅቷ ትራሱ ላይ ዞራ «እታለም፣ አንቺም ሕፃን ሆነሽ ካካ ይሉሽ ነበር?» አለቻት። እታለም ሳቋ መጣ። «እኛ ጋማ ማን ማንን ይላል፣ የኔ እመቤት» አለችና ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችላት።

መኪናው ውስጥ ሚጡ ከኋላ ተቀምጣ ከንፈሯን በሶፍት ይዛለች። ሎሚው ያቃጠለው ድዷ አብጧል። ታላቅየዋ መሪውን በአንድ እጇ ይዛ፣ ስለ ሱቋ፣ ስለ አዲሱ የመጋረጃ ጨርቅ፣ ደንበኛ መስለው ጨርቅ ሲዳብሱ ውለው ሳይገዙ ስለሚሄዱ ሴቶች ስታወራ ቆየችና መብራት ላይ ስትቆም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እዚያ ገብተን ስለኔ ጥርስ ትንፍሽ እንዳትዪ።» እታለም «እኔ መቼ ተናግሬ አውቃለሁ፣ እትዬ?» አለቻት። «ተናግረሻል አላልኩም። ሐኪሞች ነገር ስለሚያበዙ ነው» አለችና መብራቱ ሲለቅ ጋዙን ረገጠችው። 

ክሊኒኩ ፎቅ ላይ ነው። የመጠበቂያው ክፍል አዲስ ቀለም ቀለም ይሸታል። ግድግዳው ላይ የአገልግሎቱ ዋጋ በትልቁ ተለጥፏል፤ እታለም የአንድ ጥርስ ማስለበሻውን አንብባ ድጋሚ አነበበችው፣ ከዚያ ዓይኗን አንስታ ጣሪያውን አየች። እሷ ደመወዝ የላትም። የቤተሰብ ሰው ናት፤ ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ሚጡን ታደርሳለች፣ ትመልሳለች። ሲጠሩ ሦስቱም ገቡ። ሐኪሟ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ የደከማት የምትመስል ሴት ናት። ሚጡ ወንበሩ ላይ የወጣችው እታለም እግሯን ስለያዘችላት ብቻ ነው። ሐኪሟ በመስተዋቷ የላዩንም የታችኛውንም አየች፣ ድዱን አየችና ቅንድቧን ሰበሰበች። «ሎሚ ያሸው ማነው?» አለች። ታላቅየዋ «አያቷ ናቸው» አለች። «ሁለተኛ እንዳይደገም። ሽፋኑ እንደሆነ ስስ ነው፤ ሎሚው ጭርሱን ይበላዋል። የት ነው ያደገችው ልጅቷ?» ታላቅየዋ «እዚሁ...» ብላ ስትጀምር ሚጡ አፏን እንደከፈተች «እታለም ጋ!» አለች። ሐኪሟ ፈገግ ብላ ልጅቷን ከነርሷ ጋር መንጋጋዋን ፎቶ እንድትነሳ ወደ ጎን ክፍል ላከቻት።

በሩ ከተዘጋ በኋላ ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። «ይኼ ቆሻሻ አይደለም። ቦርሻችሁም፣ ፈትጋችሁም አይለቅም» አለች። «ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሆኖ ሲሠራ ነው የተበላሸው። ከውሃ ነው። ፍሎራይድ የሚባል ነገር አለ፤ በልኩ ሲሆን ጥርስ ያጠነክራል፣ ሲበዛ ደግሞ እንዲህ ያደርጋል። አንዳንድ ቦታ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ይበዛበታል። ከስንት ዓመቷ ጀምሮ ነው እዚያ የነበረችው?» መልሱን የሰጠችው እታለም ነበረች። «ከሰባት ወሯ እስከ አምስት ዓመቷ እኔ ነኝ ያሳደግኳት። እትዬ ሱቁን የከፈተችበት ጊዜ ነበር።» ሐኪሟ ወደ እሷ ዞረች። «ምን ትጠጣ ነበር?»

እታለም ይኼን ጥያቄ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቀው የኖረች ይመስል ቀና አለች። እጇ ከአፏ ላይ መውረዱንም አላወቀችም። «የዱቄት ወተት ነው። ከዚህ ይላክልን ነበር። ውሃውን አፍልቼ ነበር የማጠጣት። ደግሞ እንደ ሌላው ሰው አንዴ ገንፈል ሲል አላወርደውም፤ በደንብ ተንፈቅፍቆ ጎደል እስኪል ነው የምጠብቀው። ጎረቤቶቼ ‹ከሰልሽን ጨረሽው› እያሉ ይስቁብኝ ነበር። የእነሱ ልጆች ተቅማጥ ሲያጣድፋቸው እሷን አንድ ቀን ሆዷን አሟት አያውቅም።» ሐኪሟ ጓንቷን ከጣቶቿ አንድ በአንድ አወለቀች። «ማፍላት ጀርሙን ይገድላል» አለች ቀስ ብላ፤ «ለተቅማጡ ጥሩ አድርገሻል። ይኼኛውን ግን አያወጣውም። ውሃው በእንፋሎት ሲሄድ እሱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል።» «ይቀራል ማለት?» «ብዙ ካፈላሽው በቀረው ውሃ ላይ ይበረታል። ይበዛል ማለቴ ነው።» የእታለም ፊት ክው አለ። ሐኪሟ ቶሎ ብላ «አንቺ ምን ታደርጊ፣ ማን ነገረሽ? ባይፈላም ያው ነበር፣ ውሃው ራሱ ነው» አለቻት፤ ደግ ሴት ናት። እታለም ግን ‹ይበዛል› ከምትለዋ ቃል ወዲህ ያለውን አልሰማችም። ጎደል እስኪል አጎንብሳ እፍ ስትል የነበረው ከሰል፣ በእጅ አንጓዋ ላይ ጠብ አድርጋ የምትለካው ወተት፣ ጡጦው ሲያልቅ ሚጡ የምታገሳው ግሳት፣ ሁሉም ተራ በተራ መጣባት። ወለሉ ላይ ያለውን የሲሚንቶ ስንጥቅ እያየች ቆመች።

ሚጡ ተመልሳ ወንበሩ ላይ ስትወጣ ሐኪሟ ነገሩን አስረዳች። ላዩን በጥቂቱ አለስልሳ ቀለሙን ልታደበዝዘው ትችላለች፤ ማስለበሱ ግን ልጅቷ ካደገች በኋላ ነው፣ አሁን ቢሞረድ ጥርሱ ይሞታል። ሚጡ «ሳድግ እንደ እማዬ ይሆናል?» አለች። ሐኪሟ ሳታስበው የእናትየውን አፍ አየች፤ የሙያ ዓይን ነውና ዐረፍ ብሎ ቆየ። ታላቅየዋ ከንፈሯን ገጠመች፣ አንገቷ ድረስ ቀላች። ሐኪሟ ነገሩን ተረድታ ወደ መዝገቧ አጎነበሰች። «ይሆናል፣ ያምራል» አለቻት ለሚጡ። ሊወጡ ሲሉ ደግሞ እታለምን በሩ ላይ አስቆመቻት። «ላንቺስ ቀጠሮ ልያዝልሽ? ያቺ የተሸረፈችው ቅዝቃዜ ሲነካት ታምሽ የለ?» እታለም አፏን ሳትከፍት ታላቅየዋ መለሰችላት። «እሷ ለምዳዋለች» አለች፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እያስተካከለች።

ቤት ሲደርሱ ምሳ ቀርቧል። እማማ ራሳቸው ሩዝና ድንች ሠርተዋል፤ እታለም በሌለችበት መሥራታቸውን ሁሉም እንዲያውቀው ድስቱን ጠረጴዛው መሃል አስቀምጠውታል። ባልየው የሕንፃ ተቆጣጣሪ ነው፤ ቅዳሜም ሥራ ስለማይቀርለት ጫማው ላይ የደረቀ ሲሚንቶ አለ። ሚጡ አፏን ስላመማት ሩዙን ሳትነካ ሶፋው ላይ ካርቱን ልታይ ሄደች። «እህስ፣ ምን አለች?» አለ ባልየው። ታላቅየዋ ውሃ ጠጣች። ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ሕፃን ሆና ጥርሷን የሚያጸዳላት ስላልነበረ ነው አለች» ብላ ሹካዋን አነሳች። «የተጠራቀመ ነው። አሁን ቀስ በቀስ ይታከማል።»

እታለም የሰማችውን ማመን አቃታት። እማማ ግን ጠብቀውት የኖሩት ነገር ነውና እጃቸውን በእጃቸው ላይ መቱ። «አላልኩም? አላልኩም ወይ! ልጅቷን እንደ ጥጃ ለቃት ስትዞር ከርማ!» ባልየው እጁን አንስቶ እናቱን ዝም አሰኘና ወደ እታለም ዞረ። ክፉ ሰው አይደለም፤ አመሉ እንደ ሥራው ነው፣ ግድግዳ ከተሰነጠቀ ማን እንደገነባው ማወቅ ይፈልጋል። «እውነት ነው እንዴ፣ እታለም?»

«አይደለም፣ ጋሼ። ሐኪሟ ከውሃው ነው ያለችው። የእኛ ሰፈር ውሃ ነው። እዚያ ያደገ ሁሉ እንዲህ ነው።»

ባልየው ሚስቱን አያት። ያን ጊዜ ታላቅየዋ ሳቀች። ራሷን ወደኋላ ጣል አድርጋ፣ ጥርሷን አንዱንም ሳታስቀር አሳይታ፣ ደንበኛ የዋጋ ቅናሽ ሲጠይቃት የምትስቀውን ሳቅ ሳቀች። «ውሃ ቢሆንማ እኔስ?» አለች። «እኔስ የማንን ውሃ ጠጥቼ ነው ያደግሁት?» እማማ «እኮ!» ብለው ጠረጴዛውን መቱ። ባልየው የሚስቱን ነጭ ጥርስ አየ፣ የእታለምን አፍ አየ፤ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። እታለም ቃሏ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ግን በጠረጴዛው ሥር የእህቷ እጅ ጉልበቷን አንቆ ይዞት ነበር፤ ላብ አጥምቆታል። እሷም ልትናገር አየር ስትስብ ያ ውሃ ታፈላበት የነበረው ድስት መልሶ ዓይኗ ላይ ድቅን አለ። እኔስ ንጹሕ ነኝ? በእጄ አይደለም ያጠጣኋት? እስክታስብ ጊዜው አለፈ። «መልስ የላትም፤ ምን መልስ ይኖራታል?» አሉ እማማ። ባልየው ሹካውን አስቀመጠ። «እንግዲህ ለእናታችሁም ብቻቸውን መሆን ከብዷቸዋል» አለ፣ ማንንም ሳያይ። «ከሰዓት በኋላ የሚነሳ አውቶቡስ አለ አይደል?»

የእታለም ክፍል ከደረጃው ሥር ያለው ዕቃ ቤት ነው፤ አልጋዋን በሁለት ወገን የእህቷ ሱቅ የጨርቅ ጥቅሎች ያጥሯታል። ልብሷን ከረጢት ውስጥ ስትከት ታላቅየዋ ገብታ በሩን በጀርባዋ ዘጋችው።  «እግዜር ይስጥሽ፣ ስላልተናገርሽ» አለች። እታለም ሹራቧን ማጠፏን አላቆመችም።  «እትዬ፣ ያኔ ጥርስሽን የሠራልሽ ሰውዬ ከምን እንደሆነ አልነገረሽም?»

ታላቅየዋ አንዱን የጨርቅ ጥቅል ጠርዝ በጣቷ ማሸት ጀመረች።  ከሳሎን የካርቱኑ ዘፈን ይሰማል። «ነግሮኛል» አለች በመጨረሻ። «በልጅነት የሚጠጣ ውሃ ነው ብሎኛል።»

«እያወቅሽ ነው የላክሻት?»

«ምን ላድርግ! ሱቁ ገና መከፈቱ ነበር። እማማ ልጅ አልይዝም ብለዋል። ደግሞ አፍይው ብዬሻለሁ እኮ። ውሃውን በደንብ አፍይው ብዬ ስልክ የደወልኩልሽ ለእሱ ነበር። የሚለቅ መስሎኝ።» ድምፅዋ ተሰበረ፣ ወዲያው ጠገነችው። «አሁን እውነቱ ቢወጣ ከዚህ ቤት የምወጣው እኔ ነኝ። ልጄን እያወቅሁ እንዳበላሸኋት፣ እሱንም በውሸት ጥርስ እንዳገባሁት ነው የሚቆጥሩት። አንቺ ግን ምን ይጎድልብሻል? ባል የለሽ፣ ሥራ የለሽ። የምታጪው ነገር የለሽም።»

«ሚጡን አጣለሁ» አለች እታለም።

ታላቅየዋ ጠጋ ብላ ትከሻዋን ነካቻት። «ትረሳሻለች» አለቻት፤ ልታጽናናት ብላ ነው። «ልጅ አይደለች እንዴ? ቶሎ ትረሳሻለች።» ከዚያ እጇን ዘርግታ የግቢውን ቁልፍ ተቀበለቻትና ቀድማት ወጣች።

ግቢው ውስጥ ፀሐይ ከግድግዳው ላይ ማሽቆልቆል ጀምራለች። እማማ በመስኮት መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ያያሉ። ባልየው ወደ ሥራው ተመልሷል። ሚጡ በረንዳው ላይ ቆማ ከረጢቱን አየችው፤ ማንም አልነገራትም፣ ግን ሳሎን ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታለች። እታለም ከረጢቷን መሬት አስቀምጣ ልታቅፋት ጎንበስ ስትል ልጅቷ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለች።

«እታለም፣ ጥርሴን አንቺ ነሽ ያበላሸሽው?»

ታላቅየዋ በሩ ላይ ቆማለች። እጇ መዝጊያው ላይ ደርቋል። እታለም ቀና ብላ አየቻት። እህቷ ዓይኗን አልሰበረችም፤ ልመና ይሁን ማስፈራራት የማይለይ አተያይ ነበር። እታለም ‹እናትሽን ጠይቂያት› ልትል ትችል ነበር። ስለ ውሃው፣ ስለ ጉድጓዱ፣ ሰፈሩ ሙሉ ጥቁር ጥርስ ይዞ ስለሚስቅበት ሜዳ ልትነግራት አስባ ነበር። ሚጡ ግን ያበጠ ከንፈሯን ነክሳ አንድ መልስ፣ አንድ የምትወቅሰው ሰው ትጠብቃለች። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሰኞም ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ ማታም የምታቅፋት እናትየዋ ናት።

«አዎ» አለች እታለም። «ሳላውቅ ነው፣ የኔ እመቤት።»

ሚጡ እታለም ከተናገረችው ውስጥ የሰማችው የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ነበር። ፊቷ ቀስ በቀስ ተጨማደደ፣ ለቅሶው ግን አልመጣም፤ በምትኩ ንዴት መጣ። «ሂጂ!» ብላ ጮኸች። «ካካ! አንቺ ነሽ ካካ! ሁለተኛ እኛ ቤት አትምጪ!» ሮጣም የእናቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጠች።

ታላቅየዋ የልጇን ፀጉር ዳበሰች። መጋረጃው ከኋላ ተንቀሳቀሰ። «ሚጡ! ለትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም» አለች፣ ሰው እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ነውር ነው። አክስትሽን ይቅርታ ጠይቂያት።»

ሚጡ ፊቷን ከቀሚሱ ሳታወጣ «ይቅርታ» አለች።

«ግድ የለም» አለች እታለም፤ ከረጢቷንም አነሳች።